የሙክታር ዘጠኝ መቶ ብር

«ይኼ ሰውዬ ነው እንግዲህ የሙት ዕዳ የሚከፍለው። የሟቹ ልጅ ወሰን ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ልብስ ይሰፋል፣ አጎትየው ጡረታውን እየቆረሰ ይገብራል።»

አቶ ይማም ይህን የሰሙት የጡረታ መክፈያው መስኮት ፊት ተሰልፈው፣ ደብተራቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው ሳለ ነው። ተናጋሪው ከኋላቸው አራተኛ ወይም አምስተኛ ሰው ነው። በሹክሹክታ ያወራ መስሎታል፤ ነገር ግን ጡረተኛ ጆሮው ሲደክም ድምፁ ይጎላልና ሹክሹክታው ግቢውን አልፎ ዘበኛው ጋ ይደርሳል። ሌላው ሰው «ልጁ ምን ሆኖ ነው ታዲያ?» ሲል ጠየቀ። «ምን ይሆናል? ሸሚዝ እየለዋወጠ ይኖራል እንጂ» አለ የመጀመሪያው። አቶ ይማም ዞር አላሉም። ድምፁን ያውቁታል። ጉተማ ነው፤ መንገድ ሥራ እሳቸው ግሬደር ሲነዱ እሱ ሮለር እየነዳ ሃያ ዓመት አንድ ድንኳን ያደሩ ሰው። ክፋት የለበትም፤ ያየውን ነው የሚያወራው። የከፋውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢናገረው ኖሮ ክፋቱ ነው ብለው ይተዉት ነበር።

ቀኑ ነሐሴ ሠላሳ፣ ቅዳሜ ነው። ይህን ቀን ጡረተኛ የሆነ ሁሉ ግማሽ ልቡን ደስ ብሎት፣ ግማሽ ልቡን ፈርቶ ነው የሚቀበለው። ደስታው ብር መጨበጡ ነው። ፍርሃቱ ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን ሆድ አላት እንጂ ደመወዝ የላትም፤ ዘንድሮ ደግሞ ስድስት ቀን ሆና መጥታለች። አቶ ይማም ከመስኮቱ የተቀበሏት ሰማንያ ስድስት ብር እስከ መስከረም ሠላሳ፣ ሠላሳ ስድስት ቀን ሙሉ መብላት መጠጣት አለባት። ለቀበሌው የቤት ኪራይ ዘጠኝ ብር፣ ለመብራትና ለውሃ አምስት፣ ለእድር ሦስት። ለሪፐብሊኩ ምሥረታ በዓል አጥር ማስዋቢያ ቀበሌው ከየቤቱ ሦስት ብር አስቦ፣ እሱንም ዛሬ ነገ ሲሉ የሰፈሩ ተጠሪ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ለወይዘሮ ዘሙሩድ የደም ብዛት መድኃኒት አሥራ አንድ ብር። ለሙክታር ዕዳ ሃያ አምስት። የቀረችው ሠላሳ ብር ናት፤ ሁለት ሰው ለሠላሳ ስድስት ቀን። አቶ ይማም ይህን ስሌት ከሰፈራቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ሲወርዱ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቢሠሩትም ሠላሳዋ ሠላሳ ሆና ቀረች።

ለነገሩ ሠላሳዋም ጠዋት ከቤት ሲወጡ ካዩት ነገር ጋር ስትተያይ ቀላል ናት። ምላጭ ፍለጋ የኮመዲኖውን መሳቢያ ሲከፍቱ የሚስታቸውን መድኃኒት አገኙ። በወሩ መጀመሪያ ሠላሳ ፍሬ አድርገው ራሳቸው ነበር የገዙት፤ በቀን አንድ ነውና ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ቆጠሩት። አሥራ አራት ፍሬ አለ።

«ዘሙሩድ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ ዘሙሩድ የሽሮ ማሰሮውን ክዳን እያበሱ ነበር። ማበሱን አላቆሙም።

«ደህና በሆንኩበት ቀን ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

«ደህና የሆንሽበትን ቀን በምን ታውቂያለሽ?»

ወይዘሮ ዘሙሩድ ክዳኑን ማሰሮው ላይ መለሱት። አቶ ይማምም ደግመው አልጠየቁም። አርባ አንድ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ነገር እየተባባሉ ሳይሆን እየተዋወቁ ነው የሚያልፉት። መሳቢያውን ዘጉ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ግን ነገሩ ገባቸው። እሷ ሳትነግራቸው በየሁለት ቀኑ የምትዘለው ኪኒን የሙክታርን ዕዳ ይከፍል ኖሯል። እሳቸው ከፋይ የሆኑ መስሏቸው ነበር።

ሙክታር ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓመቱ ሲገባ፣ መስከረም ውስጥ፣ ጠዋት ደህና ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በድንገት ሞተ። ጀናዛው መስጊዱ ግቢ ወጥቶ ሰው ለሶላት ከተሰለፈ በኋላ ኢማሙ እንደ ወጉ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሟቹ ዕዳ ካለበት የሚሸከምለት ዘመድ ማን እንደሆነ ጠየቁ። የሙት ነፍስ በዕዳው ትያዛለችና አንድ ሰው «በኔ ላይ ነው» ካላለ ልብ አያርፍም። ዐይን ሁሉ ወደ ልጁ ወደ ሳልህ ሄደ። ሳልህ አቀርቅሯል። ትንሽ ጊዜ አለፈ። ምናልባት አምስት ጊዜ የሚያስተነፍስ ያህል ነው፤ ለአቶ ይማም ግን ወንድማቸው በሕዝብ ፊት ራቁቱን የቆመ መሰላቸው። «በኔ ላይ ነው!» አሉ፣ ግቢው እስኪሰማ። ስንት እንደሆነ አልጠየቁም። በዚያ ሰዓት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልብስ ሰፊ ቢበደር ስንት ይበደራል? የክርና የገበር፣ ሃምሳ ወይም መቶ ብር ይሆናል ብለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሾላ ገበያ ቅቤና በርበሬ የሚነግዱት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሊያስተዛዝኑ መጡ። ሲወጡም በረንዳው ላይ አቶ ይማምን ለብቻቸው ጠርተው፣ እያፈሩ፣ ዘጠኝ መቶ ብር መሆኑን ነገሯቸው።

ከዚያ ወዲህ አሥር ወር ከፍለዋል። በእነዚህ አሥር ወራት አቶ ይማም ከሙት ወንድማቸው ጋር ተጣልተው ነው የኖሩት። ዘጠኝ መቶ ብር ምን አደረገው? ጫት አይቅም፤ ካርታ አይጫወት፤ ቤቱ ውስጥ አዲስ ወንበር እንኳ አልገባ። ከዚህ በላይ የሚያስቡት ደግሞ ለወንድም የማይታሰብ ነገር ነው። ደግ ሰው ናቸውና ታዲያ ከየሶላቱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው «ያ አላህ፣ ሙክታርን ማረው፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ትንሽ ቀና ማለት አለ። ሳልህን ግን ይቅር አላሉም። አጎቱን ሲያይ መሬት መሬት ያያል፤ ኢድ ሲሆን አንድ ኪሎ ስኳር ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። እናቱ ኩልሱምም ከዘሙሩድ ቤት እግሯን ከሰበሰበች ቆየች።

አሁን ከጉተማ ሹክሹክታ በኋላ ነገሩ ተቆረጠላቸው። ዛሬ ሾላ ሄደው ወይዘሮ የማርያምወርቅን ክፍያውን እንዲቀንሱላቸው ይለምናሉ። ከዚያ ወሰን ሄደው ሳልህን «የአባትህን ዕዳ ከዛሬ ጀምሮ ተረከበኝ» ይሉታል። ንግግሩንም መንገድ ለመንገድ አዘጋጁ። «ልጄ» ብለው ሊጀምሩ አሰቡ፤ ከዚያ «ልጄ» ይበዛበታል ብለው ወደ «አንተ ልጅ» ቀየሩት።

ሾላ ቅዳሜ ለቅዳሜ እንደሚሆነው ነበር። ጭቃው ከሰው ጋር ይራመዳል። ጎመን በእስር፣ ድንች በመደብ፣ ለዘመን መለወጫ የመጣው ዶሮ እግሩን ታስሮ በጎኑ ተኝቷል። አቶ ይማም የአውራውን ዋጋ ሰምተው፣ የእሳቸው በዓል ባለመሆኑ ለአንድ አፍታ ተጽናኑ። የወይዘሮ የማርያምወርቅ ሱቅ ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ቤት ናት፤ በአንድ ወገን የበርበሬ ጆንያ፣ በሌላው ቅቤ በቅል። ቅቤው በኪሎ አሥራ ሦስት ብር ገብቷል። አቶ ይማም ወትሮ እዚህ ሲመጡ አይቀመጡም። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ብሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው፣ «ይቁጠሩት» ብለው፣ ደብተሯ ላይ ምልክት ሲደረግ አይተው ይሄዳሉ። ሰላምታቸውም በብሩ ልክ ነው፤ አይጨምሩበትም። ዛሬ ግን የሚለምኑት ነገር አላቸው። ልመና ደግሞ ቆሞ አይሆንም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ በርጩማ በእግራቸው ገፋ አድርገው ሲሰጧቸው ተቀመጡ።

«ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው።»

«ምን ገጠመዎት አቶ ይማም?»

«ሃያ አምስቱ ከበደኝ። ባለቤቴ መድኃኒት አለባት። አሥራ አምስት ቢሆንልኝ… ጊዜው ይረዝማል እንጂ አልቀርም።»

ሴትየዋ በርበሬ የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ነጋዴ ናቸው፤ ነጋዴ ደግሞ እንዲህ ሲባል ወዲያው እሺ አይልም። የበርበሬውን ጆንያ አፍ አጣጠፉ። ከዚያ «ይሁን» አሉ። «ወለድ አልበላበት። ለሰው ብዬ የሰጠሁት ነው። እርስዎም አንድ ወር አላጎደሉብኝም።» አሥራ አምስቱን ብር ቆጥረው ምልክት አደረጉ። የቀረው ስድስት መቶ ሠላሳ አምስት ብር ነው። ወዲያው ከሱቋ አግዳሚ ሥር ጎንበስ ብለው ቴርሞስ አወጡ፤ ሻይ ቀዱላቸው። አቶ ይማም እምቢ ሊሉ አስበው፣ አሁን አሥር ብር ያስቀነሱባትን ሴት ሻይ እምቢ ማለት ነውር መሰላቸውና ተቀበሉ። ሻዩን ባይቀበሉ ኖሮ፣ ባይቀመጡም ኖሮ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የማያውቁት ነገር ነበር።

«ለመሆኑ ኦፕራሲዮኑ በደህና ዳነልዎት?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ሙክታርን ሁልጊዜ እጠይቀው ነበር። እርስዎን ግን መቼ ተቀምጠው ያውቃሉና ልጠይቅዎ!»

«የኔን ኦፕራሲዮን እርስዎ ከየት ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቅ! ብሩን የሰጠሁት ለምን ሆነና? ሱቅ ልዘጋ ስል ነው የመጣው፤ ላብ በላብ ሆኖ። ወንድሜ ሽንቱ ከተከለከለ ሦስት ቀኑ ነው፣ ሐኪሙ ገንዘቡ ሳይያዝ አልነካውም አለኝ ብሎ እዚህ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አልችልም እኔ።»

«የትኛው ወንድሙ?»

«ስንት ወንድም ነበረው?» አሉ ሴትየዋ ሳቅ ብለው። ወዲያው የአቶ ይማምን ፊት አይተው ሳቁን አቆሙ። «አላወቁም እንዴ? እኔ እኮ ዕዳውን የተሸከሙት የራስዎ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው ብዬ…»

አቶ ይማም ሻዩን እንደ ምንም ጨርሰው አመስግነው ተነሱ። ገበያውን እንዴት እንደወጡ አያስታውሱም። ወደ መገናኛ አቅጣጫ ሲራመዱ እግራቸው የሰው ቅርጫት መታ፤ ባለቅርጫቷ ስትሰድባቸው «ይገባኛል» አሏት፤ ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ዝም አለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነበር። ሽንታቸው ተከልክሎ፣ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ የመንግሥት ሆስፒታል አልጋ የለም ተብሎ ከተመለሱ በኋላ ሙክታር በታክሲ ጭኖ ወደ አንድ የግል ሐኪም ወሰዳቸው። ሲነቁ ወንድማቸው ከራስጌያቸው ተቀምጧል። «ብሩ ከየት መጣ?» ሲሉት «እቁብ ደረሰኝ፤ አላህ ያዘጋጀው ነው» አላቸው። እሳቸውም አላህን አመሰገኑ፤ ሙክታርንም «አላህ ይስጥልኝ» አሉት፤ በዚያው አለቀ። ሙክታር እኮ እቁብ ገብቶ አያውቅም! እቁብ የተባለ ነገር አይወድም ነበር፤ ዕጣው ሲወጣ የሌላው ፊት ሲጠቁር ማየት አልወድም ይል ነበር። ይህን ወንድምየው ያውቃሉ። አውቀው አልጠየቁም። የታመመ ሰው የሚያድነው ብር ከየት እንደመጣ አጥብቆ አይመረምርም፤ የዳነ ደግሞ ይረሳል። እና አሥር ወር ሙሉ ከየሶላቱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ይቅር ያሉት ማንን ነው? አቶ ይማም አፈሩ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረው እንዲህ አፍረው አያውቁም። ግሬደር ነድተው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥለው ያውቃሉ፤ ያኔ እንኳ ፈሩ እንጂ አላፈሩም።

መገናኛ ላይ ወደ ወሰን የምትሄድ ውይይት አገኙ፤ በስሙኒ ተሳፈሩ። ውይይት የሚሏት ከኋላ ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት ትንሽ የጭነት መኪና ናት፤ ስሟን ያገኘችው በየቀበሌው ከሚደረገው ውይይት ነው ይባላል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሴት ስለ በርበሬ መወደድ ለጎረቤቷ ታወራለች። ሌላው ስለ ሰልፉ ልምምድ ያማርራል፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ ነው። አቶ ይማም ለሳልህ ያዘጋጁት ንግግር ከአፋቸው ጠፍቷል። «ልጄ» የሚለው ብቻ ቀርቷል፤ ከሱ በኋላ የሚመጣውን አላገኙትም።

የሳልህ ሱቅ ከሁለት ጋራዦች መሃል ናት። ሲደርሱ መሬቱን፣ ወንበሩን፣ የስፌት መኪናውን ሁሉ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ ሞልቶታል። ለበዓሉ ለቀበሌው ባንዲራ እየሰፋ ነው። ሳልህ አጎቱን ደጃፉ ላይ ሲያይ እግሩ ከፔዳሉ ላይ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አባቱን ቁርጥ። የለበሰው ሸሚዝ ጉተማ እንዳለው አዲስ ነበር፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን አንገትጌው ተገልብጦ የተሰፋ አሮጌ ነው፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ አዲስ ያስመስለዋል። ልጁ ተነስቶ እጃቸውን ሳመ። ጨርቁን ገፍቶ ወንበር ሰጣቸው። ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቀ፤ በልቻለሁ አሉ፤ አልበሉም። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ኩልሱም ደህና መሆኗን፣ ጉልበቷን እንደሚያማት ነገራቸው። ስለ ዘሙሩድ ጠየቀ፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ የሚባለው ሁሉ አለቀና ሁለቱም ባንዲራውን ማየት ጀመሩ። ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ሳልህ ስለምን እንደመጡ ያወቀ መስሎታል።

«አባባ፣ የመጡበት ገብቶኛል» አለ፣ ዐይኑን ሳያነሳ። «የቀበሌው ሂሳብ ማክሰኞ ይከፈለኛል። ከዚህ በኋላ በየወሩ እኔ…»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ልጁ ቀና አለ።

«ምኑን?»

«ከሾላ ነው የመጣሁት። ሴትየዋ ነገረችኝ።»

ሳልህ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «አባዬ ብሩን ሲበደር አስምሎኝ ነው» አለ። «እርስዎ ካወቁ ሰላም አያገኙም ብሎ። እናቴም አወቀች፤ ፊትዎን አይቼ መደበቅ አልችልም ብላ ነው የቀረችው። በጀናዛው ቀን ልናገር ነበር። ወላሂ ልናገር ነበር፤ ልቅሶው አፌን ያዘኝና ትንሽ ዘገየሁ። እርስዎ ቀደሙኝ። ከዚያ ምን ልበል? ይተዉ፣ የኔ ነው ብል ሰው ፊት መጣላት ይሆናል። በኋላ ልክፈል ብል ለምን ይላሉ። በድብቅ ለሴትየዋ ልሰጥ ብል እርስዎ ጋ መሰማቱ አይቀርም።»

«ሰው ሲሰድብህ ዝም አልክ?»

«ምን ይደረጋል።»

አቶ ይማም በዚህ ጊዜ የማይፈልጉት ነገር ትዝ አላቸው። ግንቦት ላይ ነው። ከጁምዓ ሲወጡ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ሐጂ ሙሐመድ በመስጊዱ በር ላይ ያዟቸው። «የወንድምዎ ልጅ ለልጄ ለከይሪያ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። እንዴት ያለ ልጅ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ ይማም ክፉ አልተናገሩም። ተነፈሱ፤ በረጅሙ። «አላህ ያውቃል» አሉ። ሐጂ ሙሐመድም ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ የገባቸው ገባቸው። ሽማግሌ ሳይላክ ነገሩ ቀረ። ያኔ አቶ ይማም ሐቀኛ የሆኑ መስሏቸው ነበር።

«ያቺ የሐጂ ሙሐመድ ልጅ» አሉ። «ተዳረች?»

«አልተዳረችም። እሱ ነገር አልፏል፤ ይተዉት አባባ።»

ከዚያ ክርክሩ መጣ። አይተው የማያውቁት ክርክር ነው፤ ብር የሚቀበል ሳይሆን ዕዳ የሚቀበል ሰው የሚሻማበት። አቶ ይማም «ዕዳው የኔ ነው፤ የተቀደደው የኔ ሆድ ነው» አሉ። ሳልህ «ለእርስዎ የሰጠው በስጦታ ነው፤ የተበደረው እሱ ነው፤ የሱ ዕዳ ደግሞ የኔ ነው» አለ። «እኔ በጀመዓ ፊት በኔ ላይ ነው ብያለሁ።» «እኔ ልል ነበር።» «አላልክማ!» ሲሉት ሳልህ ሳቀ፤ አቶ ይማምም ሳቁ፤ ዐይናቸው ግን እርጥብ ነበር። መጨረሻ ላይ እንደ በግ ገበያ ተከራክረው ተስማሙ። አሥራ አምስቱ የአቶ ይማም፣ አሥሩ የሳልህ። ሳልህ ከኪሱ የተጠቀለለ አሥር ብር አውጥቶ የዚህን ወር ድርሻ ዘረጋ። አቶ ይማም ብሩን ወዲያው አላነሱትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰጡ እንጂ ሲቀበሉ ሰው አላያቸውም፤ ከልጅ መቀበል ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። መሳቢያው ውስጥ የተቆጠሩት አሥራ አራት ፍሬዎች ባይኖሩ አይቀበሉም ነበር። ተቀበሉ። «ሰኞ ለሴትየዋ አደርስልሃለሁ» አሉ።

የአስርን ሶላት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ጨርቁን ገፋ ገፋ አድርገው፣ አጎትና የወንድም ልጅ አብረው ሰገዱ። ሲጨርሱ አቶ ይማም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሙክታርን ይቅር ብዬዋለሁ የሚለው ቃል ከልማድ ብዛት አፋቸው ላይ መጥቶ ቆመ። «ይቅር በለኝ» ብለው ወደ ሌላ አዞሩት። ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ።

«ወዴት ነው?» አለ ሳልህ።

«አንድ ሰው ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«አባባ፣ ሐጂ ጋ ከሆነ አይሂዱ። አባዬ ያስማለኝ እርስዎ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ነበር።»

«አባትህ ያስማለው አንተን ነው» አሉ አቶ ይማም። «እኔን አላስማለኝም።»

የሐጂ ሙሐመድ ቤት ከጋራዦቹ በላይ፣ ትንሽ ዳገት ወጥቶ ነው። ከበስተ ሰሜን የእንጦጦ ጋራ ደመናውን እንደ ለበሰ ነው። አቶ ይማም ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። ሐጂ ሙሐመድን በረንዳቸው ላይ፣ በጋዜጣ ላይ ዘርግተው የካርቡራተር ዕቃ እየለዩ አገኟቸው። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ሰውን እንደ ዕቃ አገላብጠው የሚያዩ ሰው ናቸው። ሰላምታው በረንዳው ጠርዝ ላይ አለቀ። አቶ ይማም ጫማቸው ጭቃ ነውና ደረጃውን አልወጡም፤ ሐጂም ይውጡ አላሏቸውም።

«ሐጂ፣ ግንቦት ላይ ስለ ሳልህ ጠይቀውኝ ነበር።»

«ጠይቄ ነበር።»

«ያኔ ተንፍሼ ዝም አልኩ። ያ ትንፋሽ ሐሰት ነበር። ዕዳው የአባቱ አይደለም፤ የኔ ነው። ሙክታር የተበደረው እኔን ለማሳከም ነው። ልጁ ያውቅ ነበር። እኔ እንዳላፍር ብሎ ዓመት ሙሉ የሰውን አፍ ተሸክሞ ኖረ። እኔ ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

ሐጂ ሙሐመድ በእጃቸው የነበረችውን ብሎን ጋዜጣው ላይ አስቀመጡ። ጋራዡ ውስጥ የሚቀጠቀጠው ቆርቆሮ እዚህም ይሰማል። ከመጋረጃው ኋላ የሴት እግር ድምፅ ቀረብ ብሎ ቆመ።

«ስንት ቀረ?»

«ስድስት መቶ ሃያ አምስት።» የሳልህን አሥር ብር ቀንሰው ነው።

«በወር?»

«ሃያ አምስት። እኔ አሥራ አምስት፣ እሱ አሥር።»

ሐጂ በጣታቸው አሰቡ። «ሁለት ዓመት ከአንድ ወር።»

«አላህ ካለ።»

«ሞት አለና ልጠይቅዎ፤ አይቀየሙኝ አቶ ይማም። ያሉዎት ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ እነሱም ደሴ ናቸው። ዕዳው ሳያልቅ ቀንዎ ቢደርስ፣ ጀናዛዎ ፊት ማን ይናገራል?»

ዓመቱን ሙሉ አቶ ይማምን ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፍ ሲያነቃቸው የኖረው ይህ ጥያቄ ነው። ለዘሙሩድ እንኳ ነግረዋት አያውቁም። አሁን ሰው ሲጠይቃቸው ግን መልሱ ሳያስቡት መጣ።

«ሳልህ ይናገራል» አሉ። «ባለፈው ቀድሜው ነው። ያን ቀን ግን የሚቀድመው የለም።»

ሐጂ ሙሐመድ ለጥቂት ጊዜ የአቶ ይማምን ፊት ተመለከቱ፤ ከዚያ ዐይናቸውን ወደ ጭቃማው ጫማ አወረዱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ከብደው ተነሱና መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«ይግቡ» አሉ። «የልጆች ነገር በረንዳ ላይ ቆሞ አይወራም።»